አህያ የለበሰው ካንጋ

ዘይቱኒ ሙዚየሙ የገባችው ለመሳቅ ነበር። ከናይሮቢ የመጣው ሙቱኩ የሚባል ሰዓሊ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደሴቷን ሲያምስ ከርሞ፣ የሚያስቅ ዐውደ ርእይ ከፈተ ተብሎ ተወርቷል። እውነትም በሩ ላይ ከአሮጌ ሸበጥ የተሠራ ዓሣ ነባሪ አፉን ከፍቶ ይቀበላል፤ ጣሪያው ላይ ጀሪካኖች ክንፍ አብቅለው ተንጠልጥለዋል። በዓሣ ነባሪው ሳቀች። በጀሪካኖቹም ሳቀች። አህያውን ስታይ ግን ሳቋን አቋርጣ ጠጋ አለች።

ከወረቀትና ከሙጫ የተሠራ፣ ባለ ጎማ፣ ጥርሱን የገለፈጠ አህያ ነው። ሐምራዊ ካንጋ፣ ሴቶች የሚያገለድሙትን ባለ ጽሑፍ ጨርቅ፣ አልብሰውታል፤ የካንጋው ጽሑፍም ልክ ቂጡ ላይ ውሏል፦ «ቅናትሽ አንቺኑ ያክሳሽ፤ እኔ እየወፈርኩ ነው።»

ካንጋው የእናቷ ነው። ከሰል ያቃጠላት ቀዳዳ እንኳ ጠርዙ ላይ አለች።

በዚያ ደሴት ሴት ካንጋ የምትገዛው አበባውን ብቻ አይታ አይደለም። ጠርዙ ላይ የታተመውን ቃል አንብባ፣ ለማን እንደምትለብሰው አስባ ነው። የዘይቱኒ እናት ቢ ሙዛ («ቢ» እዚያ እንደ «እመት» ነው) ይሄንን የለበሰችው ለጎረቤቷ ለቢ አስያ ነበር። ዓሣ ልትገዛ ስትወጣም ስትመለስም በቢ አስያ ደጅ ቀስ ብላ እያለፈች፣ ዓመት ሙሉ አስነብባታለች። በኋላ የቢ አስያ ልጅ የዘይቱኒን ታላቅ እህት ሳኡሙን ወደደና እናቶቹ ታረቁ። ካንጋው ሣጥን ግርጌ ገባ። ሰርጉም ነገ ነው።

ሙቱኩ አሮጌ ጨርቅ ሲለምን፣ በጨለማው ጓዳ ካለው ሣጥን የትኛው የትኛው እንደሆነ እንኳ ሳታይ ጠቅልላ የሰጠችው ራሷ ዘይቱኒ ናት። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ዐውደ ርእዩን ሊያዩ ይመጣሉ። ቢ አስያም አብራ።

«አውርደው!» አለችው ሙቱኩን።

«ምኑን?»

«ካንጋውን ነዋ! አህያውንማ ዘመድህ ከሆነ አስቀምጠው።»

ሙቱኩ ሳቀ። «አየሽ እህቴ፣ ጥበብ ማለት ይሄ ነው። ሰውን መኮርኮር!»

«እኔንስ አልኮረኮረኝም፤ ነከሰኝ እንጂ። ይሄ ቃል ባለቤት አለው!»

«ፋብሪካ ያተመው እኮ ነው። ስንት ሺህ ሰው ቤት አለ።»

«ፋብሪካውማ ያትማል፤ ቃሉን የምትልከው የለበሰችው ናት! አሁን የለበሰው ማነው? አህያህ! የእናቴን ስድብ በአህያ ቂጥ ታስነብባለህ?»

አጠገቡ የተለጠፈችውን ወረቀት አየች። «የማይታወቁ ሴቶች ድምፅ» ትላለች። ደሟ ፈላ። የማይታወቁ! ማሃምሪ የሚሉትን ጣፋጭ ብስኩት እየጠበሰች ግማሹን ደሴት ቁርስ የምታበላውን እናቷን! ካንጋውን ልትጎትት እጇን ስትዘረጋ ሙቱኩ ጮኸ።

«አይነካም!»

«በር ላይ ‹ኑ ተጫወቱ› ብለህ ጽፈህ የለም እንዴ?»

«በዓይን ነው የሚጫወቱት።»

«እንግዲያው አንተም ምሳህን በዓይንህ ብላ!»

ይሄን ጊዜ የሴቶቹ ድምፅ ከበሩ ተሰማ። ዘይቱኒ ሌላ ዘዴ አልመጣላትም፤ ዘላ አህያው ቂጥ ላይ ፊጥ አለች፣ በቀሚሷ ጽሑፉን ልትሸፍን። ጎማውን ረስታዋለች። አህያው ተንቀሳቀሰ፣ ዞረ፣ በቂጡ በኩል ወደ በሩ ተንከባለለ። እሷ መንገድ ላይ ወደቀች፤ አህያው ግን ቢ አስያ እግር ሥር ሄዶ ቆመ።

ቢ አስያ አነበበች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶችም አንገታቸውን አስግገው አነበቡ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ቢ አስያ» አለች ዘይቱኒ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች። «እማዬ አታውቅም። ወላሂ አታውቅም! እኔን ይምቱኝ።»

«እናቴ፣ ቀልድ ነው እኮ» አለ ሙቱኩ ፈገግ ብሎ።

«ቀልድ?» ቢ አስያ ወደሱ ዞረች። «ይሄ ለእኔ ነው የተላከው። ዓመት ሙሉ አንብቤዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁ፣ መልሱንም ገዝቼ ለብሻለሁ። የተጣላነውም የታረቅነውም እኔና ሙዛ ነን። አንተ ማነህና ነው የእኛን ጠብ ለአላፊ አግዳሚው የምታሰጣው?»

ካንጋው አህያው ላይ የታሰረበትን ቋጠሮ ራሷ ፈታችው። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችና ከጥቁር መደረቢያዋ፣ ከቡይቡይዋ ሥር ሸጎጠችው።

«የዐውደ ርእዩ አካል ነው እኮ!» አለ ሙቱኩ።

«አካሉ አህያው ነው። እሱን ትቼልሃለሁ።»

ከዚያ የዘይቱኒን ጆሮ ይዛ አስነሳቻት። «አንቺ ደግሞ፣ ሙዛ ይሄን ከሰማች ነገ በሰርጉ ቀን ቀና ብላ አታየኝም። አፍሽን ትዘጊያለሽ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ለሰርጉ ስልሳ ኮኮናት ይፈቀፈቃል። ነይ፣ ቅደሚ።»

«ስልሳ! ብቻዬን?»

«አፍሽማ ለአሥር ሰው ይበቃል፤ እስቲ እጅሽም ይሞክር» አለቻትና፣ በጠባቡ መተላለፊያ ከፊት ከፊቷ እየገፋች ወደ ራሷ ቤት ነዳቻት።