የቶሚ ዘር ሲቆጠር

«ባላባት ነው እንዴ!» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየገፉ።

የያዙት የሶስናን ስልክ ነው። ልጅቷ ለቅሶ ቤቱ ጭር ሲልባት የአባቷን ፎቶዎች ለሰው ታሳይ ነበር፤ ቶሚ አውቶቡስ ሥር ተኝቶ ሲጠግን፣ ቶሚ ስቶን ማውንቴን፣ ቶሚ ጃማይካ። በጃማይካው ፎቶ ከኋላው ባለ ዓምድ ትልቅ ቤት ይታያል። ከጎኑ የእብነ በረድ መቃብር አለ፤ ላዩ ላይ በጉልህ «ሬድፈርን» ተጽፎበታል። የቶሚም የቤተሰብ ስም ሬድፈርን ነው።

«የማን መቃብር ነው ልጄ?»

«ላይክ፣ የባባ ግሬት ግሬት ምናምን ነው» አለች ሶስና። «ያ ሁሉ ሸንኮራ አገዳ የሱ ነበር። ባባ ግን ሰውዬውን…»

ቀሪውን የሚሰማት አላገኘችም። ወሬው ሳሎኑን ዞሮ ኩሽና ገባና አድጎ ወጣ። ቶሚ መጀመሪያ የባለርስት ዘር ሆነ፣ ቀጥሎ የመስፍን።

«ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። «እኔስ ያ ኩራቱ ከየት መጣ እል ነበር! ገበያነሽ፣ ቅዳሜ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ሳነብ ከዚህ ነው የምጀምረው። ‹ከታላቅ ባለርስት ቤተሰብ ተወለደ› ብዬ።»

ገበያነሽ ቀና አለች። የባሏ ልብ በድንገት ከቆመ ወዲህ የሰው ንግግር ሁሉ ከሩቅ ነበር የሚሰማት፤ ይኼኛው ግን ቀርቦ ተሰማት። ልትመልስ አፏን ስትከፍት አክስቷ እትዬ ዘሪቱ ቀደሟት።

«እኔ ድሮም ገና ሳየው የጨዋ ልጅ ነው ብያለሁ!»

አላሉም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ የቶሚ አንገት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጣራ ነካ። ገበያነሽ ጃማይካዊ ልታገባ ነው የተባለ ጊዜ ስልክ ደውለው፣ «አገር ሙሉ ወንድ እያለ ባሪያ ታመጪብናለሽ?» ያሏት እኚሁ እትዬ ዘሪቱ ናቸው። ቶሚ ከአማርኛ ሁሉ አስቀድሞ የለየው ያቺን ቃል ነው። በየድግሱ ከጀርባው ስትባል ይሰማል፣ ይስቃል፣ በሳምንቱ የተናጋሪውን መኪና ይጠግናል። በፈረንጆቹ 2014 በረዶ የአትላንታ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ የቀረ ጊዜም ከሚኖሩበት ከስኮትዴል በእግሩ ወጥቶ የማያውቃቸውን ሰዎች መኪና ሲገፋ ዋለ፤ ጋሽ ኃይለመስቀልንም ደግፎ ቤታቸው ያስገባቸው እሱ ነው።

አሁን ግን ይኸው ስሙ በአክብሮት ተጠራ። ዝም ብትል ቅዳሜ ያ ሁሉ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ይቀብረዋል። እውነቱን ብትናገር ያቺ ቃል ሬሳውን ተከትላ መቃብር ድረስ ትሄዳለች፣ ሶስናም ትሰማታለች። ገበያነሽ ፈራች።

ጃማይካ የሄዱት ሶስና ኮሌጅ በገባችበት ዓመት ነው። ቶሚ ወደዚያ መቃብር ወሰዳትና ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበላት፦ ‹ለአገልጋዮቹ ደግ ጌታ፣ ለልጆቹ ሩኅሩኅ አባት።› ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ስቶን ማውንቴን ተራራ ላይ የተቀረጹትን፣ ባርነት እንዳይቀር የተዋጉትን ጄኔራሎች ሲያይም «ጌቶች ድንጋይ ይወዳሉ» የሚል ሰው ነበር። ሩኅሩኁ አባት እርሻውን ሁሉ በባሪያ ጉልበት ያሠራ፣ ያመለጠውን አስይዞ የሚያስገርፍ፣ ፊባ ከምትባል ባሪያው የወለደውን ወንድ ልጅ ከበሬዎቹ ጋር ለወንድሙ ያወረሰ ሰው ነው። ቶሚ የዚያ የተወረሰ ልጅ ዘር ነው። ይህን የነገረችው አያቱ ኢና ናት፤ ለሷም የነገራት ያ ልጅ ራሱ፣ ሸምግሎ ነው።

«የፊባስ መቃብር?» አለችው ገበያነሽ።

ከስኳር ወፍጮው ፍርስራሽ ጀርባ ወዳለ ጫካ ወሰዳት። ምልክት የሌላቸው የድንጋይ ክምሮች ነበሩ። ቶሚ ገጀራ ተውሶ፣ ሸሚዙን አውልቆ ቁጥቋጦውን ይመነጥር ጀመር። የትኛው የሷ እንደሆነ ስለማያውቅ ሁሉንም መነጠረ። ሲመሽ ውሃ እያቀበለችው፣ የዚያን ሰው ስም ለምን እንደማይቀይር ጠየቀችው።

«ለምን እቀይረዋለሁ?» አላት። «እሱ የያዘው ለአንድ ዕድሜ ነው። እኛ ከልጅ ልጅ እየተቀባበልን ሠርተን አጠብነው። አሁን የኛ ነው።»

ገበያነሽ ያን ቀን በባሏ እንደኮራችው በማንም ኮርታ አታውቅም።

«ጋሽ ኃይለመስቀል» አለች። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ወደ ሳሎኑ ዞረች። «ቅዳሜ የሚያነቡትን እኔ ልንገርዎት። ዘር መቁጠር ወጋችን ነው፣ ይቆጠር።»

ጣቷን ወደ ስልኩ ቀሰረች።

«ያ ሰውዬ ልጁን እንደ በሬ ያወረሰ ነው። አባት አልሆነም፣ አይቆጠርም። ቶማስ የሎይድ ልጅ ነው። ሎይድ የኢና፣ ኢና የሳሙኤል፣ ሳሙኤል የያዕቆብ፣ ያዕቆብ የፊባ። ፊባ ባሪያ ነበረች።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ቃሏን በኋላ በሹክሹክታ እንዳትደክሙባት እኔው ጮክ ብዬ አልኳት። ከፊባ ወዲያ ያለውን ባሕር በልቶታል። ባሌ ከዚያ ሁሉ ተርፎ የመጣ ሰው ነው። ልጄም በዚህ ነው የምትኮራው።»

ሶስና የእናቷን እጅ ጨበጠች። ጋሽ ኃይለመስቀል ስልኩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እንዳልሽው አነባለሁ» አሉ። «ፊባ ነው ያልሽው? አጠራሩን እንዳላበላሽ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው።

እትዬ ዘሪቱ ከእንግዶቹ ጋር ወንበር ላይ ነበሩ። ከወንበሩ ተነሡ። ተቀይመው ሊሄዱ መስሏት አንዷ ኮታቸውን አቀበለቻቸው፤ አልተቀበሏትም። ጫማቸውን አወለቁ። ለቅርብ ዘመድ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ የተቀመጡት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። እትዬ ዘሪቱ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ ወደ ፍራሹ ዝቅ አሉ።

«ጠጋ በሉልኝ» አሉ።