በሩዙ ሥር የተቀበረው ሽቦ

ፍሬህይወት የሽቦውን ጫፍ በሰንጢ ልጣ አየችና ጥቅሉን መሬት ላይ ጣለችው።

«ይኸ የቤት ሽቦ ነው፣ ጋሼ ተገኘ። ግድግዳ ላይ የሚኖር እንጂ አፈር ውስጥ የሚቀበር አይደለም።»

«የወረታን ሱቆች ዞሬ ይፋግ ከተማ ድረስ ሄጃለሁ። ያገኘሁት እሱን ነው» አለ ተገኘ።

ተገኘ በርብ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ሰብሳቢ ነው። ፍሬህይወት ደግሞ ወረታ ላይ የኤሌክትሪክ ሱቅ ያላት ባለሙያ ናት። ገበሬዎቹ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ እንድታቆምላቸው ጠርተዋት ነበር። ሜዳው ክረምት ሲገባ ባሕር ስለሚሆን የሶላር ሰሌዳዎቹን ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ተከለቻቸው። ፓምፑ ግን ታች ወንዙ ዳር ነው። በመካከል ያለው ሁሉ የሰው ማሳ ነው፤ ሽቦው ያን ሁሉ መንገድ በመሬት ውስጥ መሄድ ነበረበት።

«ይኸን ያህል ርቀት በቀጭን ሽቦ ከተላከ ኃይሉ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል» ብላ ከመጀመሪያው ነግራቸዋለች። ወፍራም፣ ድርብ ሽፋን ያለው፣ እርጥበት የሚችል ገመድ ከአዲስ አበባ አዝዛለች። ገመዱን የጫነው መኪና ግን መንገድ ተዘግቶ ከቆመ ሰነባብቷል።

«መቼ ይደርሳል?» አለ ተገኘ።

«መንገዱ ሲከፈት።»

«ሽንኩርቱ መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል?»

ፍሬህይወት ወደ ማሳው ዞር አለች። ችግኙ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ዋልካው ጥቁር አፈር እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። የተገኘ ባለቤት ሸጌ በእንስራ ከወንዝ እየቀዳች አንዱን መደብ ብቻ ታጠጣ ነበር፤ ውኃው ገና ሲፈስ መሬቱ ይውጠዋል።

«ለበጋው ብቻ» አለች ፍሬህይወት በመጨረሻ። «ክረምት ሳይገባ ይወጣል። ይማሉልኝ።»

«ሚካኤልን!» አለ ተገኘ።

ሽቦውን ደራርባ አወፈረችው፤ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብታ አስቀበረችው። ጊዜያዊ ነው ብላም ማጥፊያውን አንድ ብቻ፣ እሱንም ፓምፑ ዘንድ አደረገችው። ፓምፑ ጠዋት ጠዋት ያቃስታል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ውኃውን ይገፋዋል። ሽንኩርቱ ተረፈ።

የታዘዘው ገመድ የደረሰው ሰኔ ላይ ነው። ደወለችለት።

«ሽንኩርቱ ተነሥቶ ሩዝ ተዘርቷል እኮ! በማን ማሳ ልቆፍር?» አለ ተገኘ። «ደሞስ በክረምት ፓምፕ ማን ያስነሳል? አጥፍተነዋል።»

«የጠፋው ፓምፑ ነው፣ ጋሼ። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ሽቦው ውስጥ ኃይል አለ።»

«ከአጨዳ በኋላ ይሁን በቃ።»

እሷም እሺ አለች። ዝናቡ ሲበረታ ግን ገመዱን ሱቋ ጥግ ተጠቅልሎ ባየችው ቁጥር በሩዙ ሥር የቀረውን ሽቦ ታስባለች። ነሐሴ ላይ ሰማዩ ጥቂት ፋታ ሲሰጥ፣ ቢያንስ ሽቦውን ከሰሌዳዎቹ ልንቀለው ብላ ዕቃዋን ይዛ ተነሣች። ባጃጁ ጭቃው ጋ ሲያቆማት የቀረውን በእግሯ ሄደች።

ጉብታው ላይ ስትደርስ ደመናው ተገልጦ ፀሐይዋ ቦግ ብላ ወጣች። ታች ሩዙ መካከል አራሚዎች ቅልጥማቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው ያርማሉ። ተገኘ ጋቢውን ደርቦ ሊቀበላት ጉብታው ላይ ሲወጣ፣ ከማሳው ድንበር ወደ ውኃው የወረደች ቡሬ ላም እንደተመታች ሁሉ በአንዴ ወደቀች። አንድ ጊዜ ተንፈራገጠችና ቀረች።

«ላሜን!» ብላ ሸጌ ከአራሚዎቹ መካከል ወደ ላሟ ሮጠች። ሳትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ኧረ እግሬን! እግሬን ነዘረኝ!»

ፍሬህይወት የላሟን አወዳደቅ ስታይ ገብቷታል። ላሟ የወደቀችው ሽቦው በተቀበረበት መስመር ላይ ነው።

«ማንም ወደሷ እንዳይሄድ! ሌሎቻችሁ ወደ ኋላ ውጡ!» ስትል ጮኸች።

ተገኘ ቁልቁል ሲወረወር ጋቢውን ጨምድዳ ያዘችው። ሊያስጥላት ታገለ።

«ልቀቂኝ! ሚስቴ ናት!»

«ከገቡ ሁለታችሁንም ነው የምንቀብረው!» አለችውና ወደ ሸጌ ዞረች። «እትዬ ሸጌ! እግርዎን ይግጠሙ! አንድ ላይ! ኃይሉ በተራራቀ እግር መሐል ነው የሚያልፈው! እንዳይራመዱ፣ ላሟን እንዳይነኩ!»

ሸጌ እግሮቿን ገጥማ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች።

«አጥፊው እንጂ!» አለ ተገኘ።

«ማጥፊያው ወንዙ ዳር ነው። በውኃው ውስጥ ካልሆነ አይደረስም።» ወደ ሰሌዳዎቹ ዞረች። «እንዲህ ኃይል ይዞ ከነቀልሁት እሳት ይተፋል፤ ፀሐይዋን ነው የምንከልላት። ጋቢዎን ይስጡኝ!»

ተገኘ የማዳበሪያ መሸፈኛ ሸራ ጉብታው ላይ ካለች ጎጆ ጎትቶ አመጣ። በሌላው በኩል የወጡት አራሚዎች እየሮጡ ደርሰው ነጠላቸውን፣ ጋቢያቸውን፣ የዝናብ ላስቲካቸውን ሰሌዳዎቹ ላይ ወረወሩ። ፍሬህይወት የኃይል መለኪያዋን ሰክታ ቁጥሩን ታያለች፤ ይወርዳል፣ ግን በቂ አይደለም። የነጠላው ሥሥነት ብርሃን ያሳልፋል።

«ደርቡበት! ደርቡበት!»

ነፋስ ተነሥቶ የሸራውን ጫፍ ገለበጠው። ቁጥሩ ተመልሶ ዘለለ። ታች ሸጌ ጮኸች፤ ልትወድቅ ስትል እንደምንም ቆመች። ተገኘ ሸራው ላይ በደረቱ ተኛበት፤ ክንዱን ዘርግቶ ሁለቱንም ጫፍ ያዘ።

«ለቀቀኝ!» አለች ሸጌ። «ለቀቀኝ መሰለኝ!»

«ገና ነው! ባሉበት ይቁሙ!»

ፍሬህይወት የጎማ ጓንቷን አጥልቃ ማገናኛዎቹን ተራ በተራ ነቀለቻቸው። የመጨረሻው ሲላቀቅ ትንሽ ብልጭ አለና ጠፋ። ወደ መሬት የሚወርደውን የሽቦ ጫፍ ለካች። ምንም የለም። ደግማ ለካች።

«አሁን ይውጡ፣ እትዬ።»

ሸጌ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ተገኘ ውኃው ውስጥ ገብቶ አቅፎ አወጣት። ድንበሩ ላይ ሲያስቀምጣት ነው ማልቀስ የጀመረችው፤ መጀመሪያ ለላሟ፣ ቆይቶ ለራሷ። ፍሬህይወት አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «እያወቅሁ ነው ያስቀበርሁት።»

«እኔ ነኝ የማልሁ» አለ ተገኘ።

መስከረም ላይ ውኃው ሲጎድል መስመሩ ተቆፈረ። ዋልካው በበጋ ሲሰነጠቅ ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ጎትቶ ለያይቶታል፤ የሽቦው ልባስ እዚያው ላይ ተልጦ፣ ሁለቱም መዳቦች ጎን ለጎን ተራቁተው ውኃ ውስጥ ተኝተዋል። ተገኘ ዘለላ ያወጣውን ሩዝ በገዛ እጁ እየነቀለ መንገድ ሰጠ። አንድ ሁለት ጎረቤት አጨዳው ይለፍ ብሎ አጉረመረመ።

«እሺ፣ ገብታችሁ ቁሙበታ» አለቻቸው ሸጌ።

ወፍራሙን ገመድ በጥልቀት፣ አሸዋ አንጥፈው፣ በመሬቱ መሰንጠቅ እንዳይወጠር ላላ አድርገው ቀበሩት። መሐል ላይ አንድም መቀጠያ የለውም። ከበላዩ ለቆፋሪ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ቀይ ላስቲክ ተዘረጋ፤ ሰሌዳዎቹም ዘንድ ሌላ ማጥፊያ ቆመ። ፍሬህይወት ለክታ፣ አብርታ፣ አጥፍታ፣ መልሳ አበራች።

«አሁን ኃይል አለው?» አለች ሸጌ ከማሳው ዳር።

«አለው። ከገመዱ ግን አይወጣም።»

ሸጌ አንድ እግሯን ወደ ርጥቡ አፈር ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

«እኔስ አምኜሻለሁ፣ ልጄ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።»

ብላ በሩቁ፣ በድንበሩ ዙሪያ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ተገኘ ዶማውን እዚያው ጥሎ ተከተላት።