በግልባጭ የተነጠፈው ሣር

ሰው ሠራሽ ሣር እንደ ድመት ጀርባ ነው፤ ፀጉሩ ባንድ ወገን ይተኛል። አንጣፊ ማለት እንግዲህ ጥቅሎቹን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አስተኝቶ የሚያነጥፍ ነው። አንዷ ጥቅል ከዞረች አለቀ፤ ብርሃን ሲያርፍባት ጠቁራ ትታያለች፣ ሜዳውም እራፊ የተጣፈበት ይመስላል። ይህን ለልጅቱ በመጀመሪያው ቀን የነገራት ጓሮውን ሊሠራ የመጣው ባለሙያ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ "ውሃ ልክ" ይሉታል፤ ሻይ ሲቀርብለት እንኳ ጠረጴዛው አለመዝመሙን ሳያረጋግጥ አይጠጣም እያሉ ያሙታል።

ልጅቱ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሰኞ ልትሄድ ነው። ቤት የሚቀረው አባቷ ብቻ ነው፤ ምግቡን የምታበስልለት እህቱ ግን ግድግዳ ተጋርታው ነው የምትኖረው። አባቷ የስፖርት መምህር ነበር፤ ሰፈሩ እስከዛሬ "አሰልጣኝ" ነው የሚለው። ዓይኑን ካመመው ቆየት ብሏል። ባለፈው ዓመት ጓሮ ውስጥ የተነቀለ ንጣፍ አደናቅፎ ከጣለው ወዲህ ደግሞ ሳሎን ወንበሩ ላይ ተተክሎ ቀረ። በጠየቀችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

"አያለሁ እኮ! ትንሽ ብዥ ይልብኛል እንጂ።"

ባያይ ኖሮ ንቅንቅ አትልም ነበር። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ጓሮውን ደልዳላ ሜዳ ላድርግለት አለች፤ ትንሽ ጎል ያላት፣ ዙሪያዋ በመረብ የታጠረ። የሰፈር ልጆች ይመጣሉ፣ እሱም እየጮኸባቸው እግሩን ያፍታታል ብላ ነው።

"እኔ በግ ነኝ ሣር የምታመጪልኝ?" አላት ሲሰማ።

"የማይበላ ሣር ነው፣ አታስብ።"

"እሱስ የባሰ!"

አፈሩ ተቆፈረ፣ ጠጠር ተደፋ፣ መጠቅጠቂያ ማሽኑ የኩሽናውን ብርጭቆ ሁሉ እያንቃጨለ ጠቀጠቀው። ጥቅሎቹ በቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ መተላለፊያ በትከሻ ይገቡ ነበር። ከሁለቱም ዳር ጀምረው መሀሉን ለመጨረሻ ተዉት። የመጨረሻው ጥቅል ሲቀር ዝናብ መጣና ሠራተኞቹ በጥድፊያ በሳሎን በኩል አሾልከው አስገቡት። በሌላ በር የገባ ጥቅል ዞሮ ይገባል። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ውሃ ልክ ራሱ ልብ አላለውም። መገጣጠሚያውን በሙጫ አጣብቀው ሄዱ።

ጠዋት ፀሐይዋ ቦግ ብላ ወጣች። ልጅቱ ወደ ጓሮ ስትወጣ ውሃ ልክ ቀድሟት ደርሶ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆሟል። በሜዳው መሀል ከመረብ እስከ መረብ አንድ ሰፊ ጥቁር መስመር ተጋድሟል፤ ከሩቅ የሚጣራ።

"ወይኔ ውርደቴ!" አለ። "እህቴ፣ አፉ በይኝ። አሁኑኑ ነው የምነቅለው።"

መልስ ሳትሰጠው አባቷ የበሩን መቃን ይዞ ብቅ አለ። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ፣ አንገቱን እንደ ተቆጣጣሪ ከዳር ዳር አዞረ።

"እጅህ ይባረክ!" አለ። "ወይ ማማር! አንድ ወጥ አረንጓዴ። እንከን ቢፈልጉለት አይገኝለትም።"

"ጋሼ፣ እኔ እንደሁ ሞቻለሁ፣ አይቀልዱብኝ እንጂ" አለ ውሃ ልክ፤ ሊስቅ ጀምሮ የልጅቱን ፊት ሲያይ ተወው።

ልጅቱ ክው ብላ ቀረች። ለካ ጠዋት ጠዋት "ደህና አደርሽ" የሚላት እሷ ከተናገረች በኋላ ነው! ለካ ቴሌቪዥን ላይ የሚስቀው ሌላው ሲስቅ ጠብቆ ነው! አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ፣ አንድ ማዕድ እየቆረሱ! መጀመሪያ በራሷ ተናደደች፣ ቀጥሎ በሱ።

አባቷ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ሣሩ ላይ ወጣ። ቀስ እያለ ሄደና መሀል ሲደርስ ቆመ። እግሩን ወደ ፊት ሰደደ፣ መልሶ ሳበ።

"እዚህ ጋ በሌላ ወገን ነው የተኛው" አለ።

ልጅቱና ውሃ ልክ ተያዩ።

"ይታያል እንዴ?"

"ይታያል አባዬ። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር መስመር ነው።"

አባቷ አንገቱን ደፋ። "ተያዝኩ በይኛ" አለ።

ውሃ ልክ ዕቃ የሚፈልግ መስሎ ሹልክ አለላቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመውደቄ በፊት ነው። ለዚያ እኮ ነው የወደቅኩት።"

"በቃ፣ አልሄድም።"

"ስሚ!" አለ፤ ድምፁ የድሮ የሜዳ ድምፁ ነበር። "ዓመት ሙሉ ዓይኔን በጨው ታጥቤ የዋሸሁሽ እንድትሄጂ ነው። አሁን ብትቀሪ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።"

"ብትወድቅስ? ማን ያይሃል?"

"ጫማሽን አውልቂ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ከበሩ ተነሺና መስመሩ ላይ ስትደርሺ ቁሚ።"

ለክርክር አቅም አልነበራትም፤ ጨፍና ሄደች፣ ደረስኩ ስትል ቆመች።

"አልፈሽዋል" አላት ከኋላዋ። "ስትረግጪው ድምፁ ተቀይሮ ነበር፤ አልሰማሽም።"

ዓይኗን ስትገልጥ መረቡ አፍንጫዋ ስር ነው። እሱ ግን ከመስመሩ ወደ በሩ ሄዶ እጀታውን ጨበጠ፣ ተመልሶ መጥቶ እዚያው መስመሩ ላይ ቀጥ አለ።

"እስካሁን የማልወጣው የት እንዳለሁ ስለማላውቅ ነበር" አለ። "ይችን መስመር ከነቀላት ከዚያ ሰውዬ ጋር እጣላለሁ።"

የበሩ ደፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሄዳለሁም አላለች፣ እቀራለሁም አላለች።

"በሞቴ" አለ አባቷ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ። "አያለሁ ካሉ በኋላ ምን ይመስላል ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ዓመት ሙሉ ምንም ጠይቄ አላውቅም። ሜዳው ምን ይመስላል?"

ነገረችው። ጎሉ ነጭ ነው አለችው፤ መረቡ ላይ የማታው ዝናብ ገና ጠብ ጠብ ይላል።

"አንቺስ? ከስታለች አለችኝ አክስትሽ። እኔም አዎ አይቻለሁ አልኳት።"

"ትንሽ ከስቻለሁ" አለች እያለቀሰች። "ፀጉሬንም አጭር ተቆርጫለሁ። ከተቆረጥኩ ወራት አልፎታል። ምንም ሳትለኝ ስትቀር ተቀይሜህ ነበር።"

እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቷን ዳበሰ፤ ፀጉሩ የሚያልቅበትን በጣቱ ፈልጎ አገኘው።

"ያምርብሻል?"

"ያምርብኛል።"

"እንዲህ እያደረግሽ በስልክ ትነግሪኛለሽ" አለ። "ሰኞ ከሄድሽ በኋላ፣ ያየሽውን ሁሉ።"

እጁ ገና ጭንቅላቷ ላይ ነበር።

"እሺ አባዬ" አለችው።