የኋላዎቹ ስፒከሮች

አሠልጣኙ ሥራው ሰውን መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ «መስታወትህን እይ፤ ሳታይ ወደ ኋላ እንዳትሄድ» ሲል ይውላል። ሳያይ የኋላ ማርሽ ያስገባን ተማሪ ደግሞ በቁጣ ብቻ አይለቀውም፣ ያሳፍረዋል። «ዓይንህን የት ረስተኸው መጣህ፣ ቤት?» ይለዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው፣ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ ሳሎኑ አንዴ እንኳ ዞር ብሎ ማየት ያቃተው።

ነገሩ የተጀመረው በበጎ ነበር። የሚስቱ እናት ለዓይን ሕክምና መጥተው እነሱ ቤት አርፈዋል። ዓይናቸው ድኗል፤ የቀረው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ወይስ እዚሁ ይኑሩ የሚለው ነው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባለፈው ደረጃ ላይ ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪያያቸው ድረስ እዚያው ተቀምጠው ቀርተዋል። ልጃቸው ለምናቸዋለች፣ አልቅሳባቸዋለችም። እሳቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው። «ቤቱ የባልሽም ነው። እሱ በአፉ ይቀመጡ ካላለኝ አልቀመጥም።»

«ስለዚህ አንተ ራስህ ንገራት» አለችው ሚስቱ። «ቅዳሜ ሦስታችን ቁጭ ብለን ፊልም እናያለን፤ ሲያልቅ ትነግራታለህ። አንተን ነው የምትሰማው።»

አሠልጣኙም እሺ አለ። እሺ ያለው ከልቡ ነው፤ ይሄንን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ለዚሁ ቀን ብሎ፣ ሲመኘው የኖረውን ሰራውንድ የሚባለውን፣ ድምፁ ሰውን ዙሪያውን የሚከበውን ዕቃ ገዛ። ፊልሙን የሚያጫውተው ሳጥን አለ፣ ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር አለ፣ ሦስት ትልልቅ ስፒከሮች ለፊት፣ ሁለት ትንንሽ ገመድ አልባ ስፒከሮች ደግሞ ለኋላ። በላዩ ላይ ለዘፈን የሚሆን ማይክ ተመርቆለታል።

ዕቃው ቤት የደረሰው እሱ ሥራ ላይ እያለ ነው። በሁለት ተማሪ መካከል ለሚስቱ ደወለላት። «ትልልቆቹን ቴሌቪዥኑ ጋ አድርጊያቸው። ሁለቱን ትንንሾች ኋላ። ሶኬት ላይ ሰክተሽ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ተያቸው፣ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

በዚያ ቤት ደግሞ «ኋላ» አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ክፍል። ዕቃ ቤት በነበረች ጊዜ የወጣላት ስም ነው። መጥረጊያው የት ነው? ኋላ ነው። መሰላሉስ? ኋላ። አሁን ደግሞ እማዬስ? ኋላ ናት። ስለዚህ ሚስት ሁለቱን ስፒከሮች ታቅፋ ሄደችና አንዱን በእናቷ ኮሞዲኖ፣ አንዱን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሶኬት ስትሰካ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቷ ደክሟት ጋደም ስትል እንኳ ፊልሙ እንዳያመልጣት አስቦላታል! «ይሄ የእሱ ሐሳብ ነው» አለቻቸው። «ኋላ ይሁኑ ያለው እሱ ነው።»

ማታ ሲገባ በር ላይ አቀፈችው። «ስለ እማዬ ስላሰብክ አመሰግንሃለሁ።» እሱ ለፊልሙ የተመሰገነ መሰለው። «ምንም አይደል» አለ፣ ኮራ ብሎ።

ቅዳሜ ሚስቱ ሱቅ ስትሄድ አሠልጣኙ ሥራውን ጀመረ። ከሶፋው በስተጀርባ እስከ ወለል የሚወርድ ወፍራም መጋረጃ አለ። ትንንሾቹ ከመጋረጃው ኋላ እንዳሉ ቅንጣት አልተጠራጠረም። ሶፋው ከባድ ነው፤ ደግሞም ብልሽት የሚገኘው በሪሞት እንጂ በመንበርከክ አይደለም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጫካ ውስጥ ዝናብ የሚዘንብበትን ፊልም ከፈተ። ሁሉም ድምፅ ከፊት ይመጣል። ከኋላ ጭጭ።

የአምፕሊፋየሩን መስታወት ሲያይ «ስቴሪዮ» ይላል። አሃ! ማጫወቻው ድምፁን በሁለት ብቻ ከፍሎ ነው የሚልከው ማለት ነው። የማጫወቻውን ማስተካከያ ከፈተ፣ የድምፅ አወጣጥ የሚለውን ፈልጎ አገኘ፣ ከስቴሪዮ ወደ ሰራውንድ ቀየረው። የአምፕሊፋየሩ ጽሑፍም ተቀየረ። አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር ችግሩ የተፈታው እዚያው ላይ ነበር። ፊልሙን እንደገና ሲያጫውተው ግን ከፊት የሰዎቹ ንግግር ብቻ ቀረ፤ ዝናቡ ጠፋ። ወዴት ይሄዳል? ዝናቡማ ኋላ ነበር የሚዘንበው።

የኮሪደሩ በር ተበርግዶ ተከፈተና አማቱ ነጠላ ጫማቸውን አገለባብጠው ተጫምተው ወጡ። እሱ ፊልሙን አቆመው። እሳቸው አላናገሩትም፣ ዓይናቸውን ከዝናቡ ለመከለል ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ስበው ሳሎኑን አቋርጠው ወደ ግቢ ሮጡ። ወዲያው የተሰጣውን እርጥብ ልብስ እስከ አገጫቸው ታቅፈው ተመለሱ።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ዝም ብለህ ታያለህ?»

አሠልጣኙ በመስኮት አየ። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። «እማማ፣ ፀሐይ ነው እኮ። ዝናብ የት አለ?»

አማቱም ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አዩ። ልብሱ በልብሳቸው ላይ ይንጠባጠባል። «በጆሮዬ እኮ ነው የሰማሁት። አዬ፣ ዓይኔ ሲድን ጆሮዬ ጀመረኝ» አሉና ሊስቁ ሞከሩ።

«ደክሞዎት ነው፣ ይረፉ» አላቸው። ልብሱን ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። እሱ ሳቁን የያዘው በሩ እስኪዘጋ ነው።

ቀጥሎ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ለሆነው ጓደኛው ደወለ። ጓደኛው ገና ሳያስጨርሰው «ስፒከሮቹን በዓይንህ አይተሃቸዋል?» አለው።

«አዎ» አለ አሠልጣኙ። ተማሪዎቹ መስታወት ሳያዩ «አይቻለሁ» የሚሉት ልክ እንዲሁ ነው።

«እንግዲያው የፊቶቹን ዝጋቸው፣ የኋላዎቹን ብቻ ተው። ከዚያ በማይኩ ተናገር። ድምፅህን ከኋላ ከሰማህ ችግሩ የማጫወቻው ነው። ካልሰማህ ስፒከሮቹ ናቸው።»

እንዳለው አደረገ። «ሄሎ ሄሎ! አንድ ሁለት! አንድ ሁለት!» ምንም የለም። ድምፁን ጨመረው። «ሄሎ!» ምንም። ኮሪደሩ ላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሁለተኛውን ዙር ጀምሮ ይንገጫገጫል፣ የኋላዋም ክፍል በር ዝግ ነው።

«ሞተዋላ!» አለ ጓደኛው። «ግን ምን አስቸኮለህ? ዛሬ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልክ እኮ።»

አሠልጣኙ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ትንሿ ቀይ መብራቱ እንደበራች ነች። እግሩን ሰቅሎ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ለማን ብዬ መሰለህ? ለአሮጊቷ ነው። አሁን ምን ብላ እንደወጣች ታውቃለህ? ዝናብ ሰማሁ ብላ! በዚህ ጠራራ ፀሐይ! እርጥብ ልብስ ታቅፋ!»

ጓደኛው ሳቀ። ሰው ሲስቅለት የሚብስበት አለ፤ አሠልጣኙ አንዱ ነው።

«እውነቱን ልንገርህ? ቤቱ ጠቦኛል። በገዛ ሳሎኔ በቁምጣ አልቀመጥም። ሳስነጥስ እንኳ በጨዋ ደንብ ነው። ዛሬ ደግሞ ተቀመጪ በላት ተብዬልሃለሁ። ሚስቴን እምቢ አልላትም፣ እላለሁ። በልቤ ግን ራሷ እምቢ ብላ ውልቅ ባለችልኝ ነው የምለው።»

ይሄ የልቡ ነበር ወይ? ግማሹ ነበር። ሌላው ግማሽ ለሚስቱ እሺ ሲል የነገራት ነው፣ እሱም እውነት ነበር። ሰው ለጓደኛው ሲያወራ ጫማ የሚያወልቅ ያህል ይቀለዋል፤ እግሩ መሽተቱን የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲገባ ነው።

የገባችው ሚስቱ ነች፣ የሱቁን ፌስታል ይዛ። የመጨረሻውን ሰምታለች። «ቀስ በል፣ ትሰማሃለች!» አለችው፤ ግን እንዲህ ሲያወራ አፉ እንጂ ልቡ እንዳልሆነ ታውቃለችና አልተቆጣችም።

«ኧረ ምን ትሰማለች! የሌለ ዝናብ ነው የምትሰማው» አለና የልብሱን ነገር እንደገና ተረከላት፣ አረማመዳቸውን ጭምር። የከፈተውን ፊልም ግን አልነገራትም።

ልትስቅ አልፈለገችም። ሳቁ ግን አፈትልኮ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራና ሐኪም ቤት ስትመላለስ ደክሟት ነበር፤ የደከመው ሰው ሳቅ ደግሞ አንዴ ከጀመረ አይያዝም። «እኔንስ ሻወር ውስጥ እያለሁ መብራት ታጠፋብኝ የለ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋን አሻክራ፣ ቃሉን እየጎተተች፣ «‹ማ-ነው ደግሞ መብራት አብርቶ የሄ-ደው?›» አለች። ቁርጥ እናቷን። ልጃቸው አይደለች? ጓደኛው በስልኩ ውስጥ በሳቅ ፈነዳ፣ አሠልጣኙም ሆዱን ያዘ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ማጠቢያ ማሽኑ ዙሩን ጨርሶ ቆመ። የኋላው በር ተከፈተ። አማቱ በኮሪደሩ በዝግታ መጥተው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ።

«ልጄ፣ አትድከም» አሉ። «ምንም አልተበላሸም። ኋላ ጥርት ብሎ ይሰማል።»

ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከተከፈተው በር ውስጥ፣ የእሳቸው ድምፅ «ጥርት ብሎ ይሰማል» አለ።

ሚስትየዋ ፌስታሏን ለቀቀችው። አሠልጣኙ ግን ገና አልገባውም፤ ወይም ሊገባው አልፈለገም። «ምን... ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ። ከዚህ የባሰ ጥያቄ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

«መጀመሪያ ሄሎ ሄሎ አለ። ከዚያ አንድ ሁለት ቆጠረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በአፌ አልደግመውም።»

«ሠራልህ እንዴ?» ይላል ጓደኛው በስልኩ። አሠልጣኙ ዘጋበት። ማይኩንም አጠፋው፤ ቁልፉን ያገኘው በስንት መከራ ነው።

«እማዬ...» አለች ልጅቱ።

«ድምፄን ጥሩ አድርገሽ ታወጪዋለሽ» አሏት። «አፌን ዘግቼ ባልተኛ ኖሮ እኔው ራሴ የተናገርኩ ይመስለኝ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው፤ መሬት ግን ለሰው ብላ ተከፍታ አታውቅም። አሠልጣኙ ዞረና መጋረጃውን ገለጠው። ግድግዳና አቧራ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባው፤ «ኋላ» ማለቱም፣ በር ላይ መታቀፉም፣ ዝናቡም።

«ስፒከሮቹን አምጣቸውና ፊልማችንን እንይ» አሉ አማቱ። «ተጋብዤ የለ?»

የኋላዋ ክፍል ሲገባ እርጥቡ ልብስ በወንበሩና በአልጋው ራስጌ ላይ ተሰጥቷል። ለማስጣት እንደገና በእሱ ፊት ማለፍ አፍረው ነው። ከእያንዳንዱ ስፒከር ሥር ደግሞ በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል። እሳቸው ከኋላው መጥተው ኖሯል። «ለእኔ ያደረግህልኝ መስሎኝ ነው» አሉት፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «እንዳይጫሩ ብዬ።» አሠልጣኙ አፈረ። ፊቱ ብቻ አይደለም፣ እጁ፣ ጀርባው፣ ስፒከሩን ያነሣበት ጣቱ ሁሉ አፈረ።

ፊልሙን አዩ። ድምፁ እንከን አልነበረውም። ዝናቡ ከኋላ ይጀምርና በራሳቸው ላይ አልፎ ፊት ለፊት ይወርዳል፤ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰው ከጀርባ የመጣ ይመስላል። ሦስቱም ግን ዞር አላሉም። አሠልጣኙ ስለ ፊልሙ ብትጠይቁት ዛሬም አንድ ነገር አይነግራችሁም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት በጭንቅላቱ ውስጥ ሲመላለስ ነው ያለቀው።

ሲያልቅ ከሶፋው ተነሥቶ ፊታቸው ተንበረከከ። «እማማ፣ ይቀመጡልን። እለምንዎታለሁ። ከልቤ ነው።»

ከልቡም ነበር። ቀድሞ ሊል ካሰበው የበለጠ ከልቡ ነበር። እኔ እመሰክርለታለሁ፣ ግን የእኔ ምስክርነት ምን ያደርግለታል።

አማቱ አልተቆጡም። «ይሄንኑ ለጓደኛህ ስትነግረው ሰምቼ ቢሆን ኖሮ አምንህ ነበር» አሉት። «ፊት ለፊትማ ሁልጊዜም ‹አንቱ› ነው የምትለኝ።»

ከዚያ ጉልበታቸውን ደገፍ አድርገው ተነሡ። «ሻንጣዬን ሚስትህ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቅላብኛለች፣ አልደርስበትም። ቁመት ያለህ አንተ ነህ፤ አውርድልኝ።»

አሠልጣኙ ሄዶ አወረደው፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ አልጋው ላይ አኖረው። ሚስቱ ተከትላቸው መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። «እማዬ፣ አትሂጂ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ የእናቷን ድምፅ መስሎ እንዳይወጣባት ፈራችና መልሳ ዘጋችው።