ቀዩ ዳይስ ጨው ውሃ ገባ

በፊንላንዷ ታምፔሬ ከተማ የባዶ እጅ ተዋጊን ነገር ከእኔ ከኦስሞ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ወንበሬን ይውሰድ። ሊፍት ጠጋኝ ነኝ፤ በዚህ አገር እጄ ያልነካው ሊፍት የለም፤ አለ ከተባለም ገና አልተበላሸም ማለት ነው። ስሜ የተጠራው ግን በሊፍት አይደለም። እሑድ እሑድ፣ እትዬ ሂልካ በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ ከሳውናው፣ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል በምንጫወተው ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ወረቀት፣ እርሳስና ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይበቃዋል። እያንዳንዳችን አንድ ሰው ፈጥረን ወረቀት ላይ እናስኖራለን፤ ሲዋጋ መምታት መሳቱን ዳይሱ ይፈርዳል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ መታ፣ ዝቅ ካለ ሳተ። ታሪኩን የሚመሩት፣ ጭራቆቹን የሚያዋጉትና ሕጉን የሚዳኙት አጫዋቻችን እትዬ ሂልካ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። የእህታቸው ልጅ ፒንያ፣ ነርስ ናት፣ በጨዋታውም ፈዋሽ ናት። እኔ ጎራዴ እይዛለሁ። ሬይዮ ደግሞ ሉሚን ይጫወታል፤ ሉሚ ምንም የማትይዝ፣ በቡጢና በእርግጫ ብቻ የምትዋጋ መነኩሲት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አኑሯታል።

ቤቱ ሁለት ሕግ አለው። ጠረጴዛ ላይ ያረፈ ዳይስ አይነሣም። ሰውየው የሞተበት ተጫዋች ደግሞ ወረቀቱን በገዛ እጁ ሳውናው ምድጃ ውስጥ ይከታል። እኔ አሥራ አንድ ጎራዴኛ አቃጥያለሁ፤ ሁሉም በጀግንነት ነው የወደቁት፣ ከገደል ከተንሸራተተው በቀር። ሬይዮ አንድም አላቃጠለ። የሉሚ ወረቀት በላጲስ ከመታሸት ብዛት ብርሃን ያሳልፋል፣ ጠርዙ በሙሉ ፕላስተር ነው።

ጠቡን የጫርኩት እኔ ነኝ። ሉሚ በአንድ ተራ ሁለቴ ትመታለች፣ የእኔ ጎራዴ አንዴ። ጸደዩን ሙሉ ጮኽኩ። “ብረት የያዘ ሰው ከባዶ እጅ ያንሳል እንዴ? ይሄ ሚዛን ነው?”

“እንግዲያው ለካና አምጣ” አሉ እትዬ ሂልካ።

ለካሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ወጥ ቤቴ ተቀምጬ ጎራዴን ከቡጢ አዋጋሁ። እንዳይምታታብኝ ቀዩን ዳይስ ለቡጢ፣ ሰማያዊውን ለጎራዴ ሰጠሁ። ሺህ ውጊያ ብዬ ነገርኳቸው። ከአራቱ ሦስቱን ቡጢ አሸነፈ። በቀለም ያሸበረቀ ሰንጠረዥ ዘረጋሁላቸው፤ እትዬ ሂልካ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩትና የሉሚን ሁለተኛ ምት ሰረዙ። ሬይዮ መስመሩን ራሱ በላጲስ አጠፋ። “ሕግ ሕግ ነው” ብቻ አለና ብናኙን በመዳፉ ጠረገ። እኔም ለመጪው ፋሲካ የተጫዋቾች ስብሰባ ስለ ሚዛን ንግግር እንዳደርግ ተጠራሁ። ፊንላንድ በሙሉ ሊሰማኝ ነበር።

ታዲያ ያን የኅዳር እሑድ፣ በአዲሱ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንጫወት፣ ድልድይ ፈረሰ። እኔና ፒንያ ከተኩላዎች ጋር በወዲህኛው ዳር ቀረን። ሉሚ በወዲያኛው ዳር ከድልድዩ ጠባቂ ጭራቅ ጋር ብቻዋን ተፋጠጠች።

ሬይዮ ወረወረ፣ ሳተ። ጭራቁ መታት። ሬይዮ በተራው ወረወረ፣ ሳተ። ጭራቁ ደግሞ መታት። ድሮ ቢሆን ሁለተኛው ምት ያድናት ነበር። ሲያልቅ ከምትሞትበት ከአርባ የነፍስ ነጥቧ አሥራ አንድ ቀራት። በግድግዳው ማዶ የሳውናው ማገዶ ሲንጣጣ ይሰማኛል። ቋሊማዬን ሰናፍጭ ነክሬ ገመጥኩ።

ፒንያ ዳይሷን ሆስፒታል ረስታ መጥታ ቀዩን ተውሳኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ጣለች። ሃያ ጣለች። ደግማ ሃያ።

“ጋሼ ኦስሞ፣ ይሄ ዳይስህ ጸሎት ያደርሳል እንዴ?”

“ከባለቤቱ ወርሶ ነው” አልኩ።

“ታጥቧል?” አሉ እትዬ ሂልካ።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ዳይሶቻችንን ጨው ውሃ ውስጥ እናንሳፍፋለን፣ ማጠብ የምንለው ይህንን ነው፤ ሚዛኑ የተዛባ ዳይስ ሁልጊዜ አንዱን ገጽ ብቻ ወደ ላይ ያወጣል። የእኔን ዳይስ ግን ማን ደፍሮ! “የኦስሞ ዳይስ አይጠረጠርም” እያልኩ ስድስት ዓመት አሳልፌዋለሁ።

ፒንያ ብርጭቆ አመጣች፣ ጨው እፍኝ በእፍኝ በጠበጠች፣ ቀዩን ጣለችው። ተንሳፈፈ። ሃያ። በጣቷ ገፋችው፣ ተገለበጠ፣ ተመልሶ ሃያ።

“ሆዱ አየር ነው!” ብላ ሳቀች። “እንደ ጌታው!”

ሬይዮ እንኳ ፈገግ አለ። እትዬ ሂልካ ብርጭቆውን ገፋ አድርገው፣ “ከዛሬ ጀምሮ ታግዷል። እንቀጥል” አሉ።

እንቀጥል! ለእነሱ ነገሩ አንድ የተበላሸ ዳይስ ነው። ያን ሁሉ ወር ቀዩ ለቡጢ ብቻ ይወረወር እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ቡጢ አላሸነፈም፤ ያሸነፈው አየሩ ነው። ብናገር ንግግሩ ቀረ፣ ስሜ ቀረ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ደግሞ የወደቀ ዳይስ አይነሣም፤ ሉሚ ከሞተች በኋላ ብናዘዝ ዋጋ የለውም። አሁን ነው ወይም መቼም አይደለም። ዛሬ በገዛ ዕድሏ ታሸንፍ ይሆናል አልኩ። ቆይ፣ የሚቀጥለውን ልይ አልኩ።

የሚቀጥለው የጭራቁ ነበር። መታት። ሦስት ነጥብ ቀራት።

“ጭራቁም ደክሟል” አሉ እትዬ ሂልካ፣ ድምፃቸው ሳሳ። “አንድ ጥሩ ምት ይጥለዋል። አሥራ አራትና ከዚያ በላይ፣ ሬይዮ። ብትስት ግን…”

“አውቃለሁ” አለ ሬይዮ። ወረቀቱን ለምድጃው ብሎ ከፕላስቲክ ሽፋኑ አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ዳይሱን አነሣ።

እጁን ግጥም አድርጌ ያዝኩ።

“አትወርውር!”

“ምን ሆንክ አንተ? ልቀቀኝ።”

“ቀዩ…” ወደ ብርጭቆው ጠቆምኩ። “ስለካ ቀዩ ለቡጢ ነበር።”

እትዬ ሂልካ መነጽራቸውን አወለቁ። “ለሁሉም ውጊያ?”

“ለሁሉም።”

“ለሺሁም?”

አርባ ዓመት ተማሪ ሲያስለቅሱ የኖሩት እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው። “ለመቶ ስልሳው፤ ሺህ አልሞላም” አልኩ።

ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሬይዮ እጁን ከእጄ ቀስ ብሎ አወጣ።

“ሉሚ በአርባ ነጥብ ስትጀምር ልትነግረኝ ትችል ነበር” አለ።

“ያኔ አላወቅሁም! በእናቴ!”

“አሥራ አንድ ሲቀራት ግን አውቀህ ነበር።”

የተረፈውን ቋሊማ ወደ ጎን ገፋሁ።

እትዬ ሂልካ እርሳሳቸውን አነሡ። “የወደቀ ዳይስ አይነሣም፤ ሦስቱ ነጥብ ሦስት ነው። ሁለተኛው ምት ግን ከዚህ ተራ ጀምሮ ተመልሷል። ወርውር፣ ሬይዮ።”

ወረወረ። ዳይሱ ተንከባለለ፣ ብርጭቆውን ነካ፣ ቆመ። ስድስት።

ፒንያ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ያንን የሳሳ ወረቀት አየሁ፤ እጄ ሳላዘው ሸፍኖታል፣ እሳቱ በግድግዳው አልፎ እንዳይደርስበት ይመስል።

ሁለተኛውን ወረወረ። አሥራ ሰባት።

ሕንፃውን ያናወጠ ጩኸት ጮኽኩ፤ ስድስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ሳውናው ፈነዳ ብላ ወረደች። ጭራቁ ወንዝ ገባ። ሬይዮ ወረቀቱን ወደ ሽፋኑ መለሰና “እጅህን ጠርገው፣ ሰናፍጭ ቀብተህባታል” አለኝ። ያን ቀን ሌላ ቃል አልሰጠኝም።

ፍርዱን የሰጡት እትዬ ሂልካ ናቸው። “ሺህ ብለሃል፣ ሺህ ትወረውራለህ። በታጠበ ዳይስ፣ ሬይዮ እያየ።” ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ በኋላ ሬይዮ ወጥ ቤቴ ይመጣል። የፋሲካውን ንግግር ሰርዣለሁ፤ እነዚያ ዘጠኝ ሰዎች ሌላ ይፈልጉ። አሁን ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ውጊያ ላይ ነን። እያንዳንዱን የሚመዘግበው ሬይዮ ነው፤ ደብተሩን ወደ ራሱ አዘንብሎ ስለሚይዝ ማን እየመራ እንደሆነ አላይም።

ባለፈው ረቡዕ ግን ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ “ኦስሞ፣ ሉሚ ሦስተኛ ምት ቢያስፈልጋትስ?” አለኝ።

ደብተሩ እንዲያ ይል ይሁን ወይስ እየቀለደብኝ እንደሆነ ሳስብ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አሥራ ሁለተኛው ጎራዴኛዬ ለምድጃው ገና ወጣት ነው።