እስከ እሑድ ጠዋት

«ማህተም አለው፤ የሐኪም ፊርማ ግን የለውም» አለ የኬላው ሠራተኛ፣ የጫጩቶቿን የጤና ወረቀት በመስኮቱ ለሴትዮዋ እየመለሰላት።

«ሐኪሙ የት ነው?»

«ሰኞ ይመጣል። ለሦስት ኬላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው ያለን። ምን ላድርግ እናቴ?»

ዕለቱ ዓርብ ነበር። መኪናው ላይ ትናንት ጠዋት የተፈለፈሉ ሦስት ሺህ ጫጩቶች አሉ። ጫጩት ሆዱ ውስጥ ይዞት በሚወጣው አስኳል ሦስት ቀን ያለ እህል ውሃ ይቆያል። ከዚያ በኋላ አይችልም። አገራቸው ከጎረቤቶቿ ጋር ኅብረቱ ውስጥ እያለች ይህ ኬላ ባዶ ክፍል ነበር፤ ማዶ ያለው ገዢ በአራት ሰዓት ውስጥ ይረከባት ነበር።

ሹፌሩ መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብሏል።

«ሰኞ ነው አለኝ» አለችው።

«ሰኞማ ለቀብር ነው የሚደርሰው!» ብሎ ብቻውን ሳቀ። «ከኅብረቱ እንውጣ ብለው የጨፈሩትን እዚህ አምጥቶ ማሰለፍ ነበር። ምን ጎደለባቸው? እስቲ ንገሪኝ እትዬ፣ ምን ጎደለባቸው?»

የጎደለውን ታውቀዋለች። የኅብረቱ ተቆጣጣሪ የመጣ ዕለት ባሏ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ጠብቆት ነበር። ሰውዬው ሰላም እንኳ ሳይለው የመፈልፈያ ቤቱን መስኮት ለካ። አሥር ሴንቲ ሜትር ይጠባል ተባለ። በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ ቤቱ ሰባት ወር ተዘጋ። ባሏ አቤት የሚልበት ሰው አጣ፤ ዓመት ሳይሞላውም ሞተ። ለሕዝበ ውሳኔው ድምፅ ልትሰጥ የወጣችው አቤት የሚሉት ሰው ቅርብ ይሁን ብላ ነበር። አሁን ሰውዬው ቅርብ ነው፤ እዚያ ኬላው መስኮት ላይ። እናቴ ይላታል፤ አንገቱንም ይደፋላታል። ሌላ የሚችለው የለም።

«እኔም እንውጣ ብዬ መርጫለሁ» አለች።

ሹፌሩ ቀና ብሎ አያት።

«እንመለስ ታዲያ?» አለ።

«የት አስገባቸዋለሁ? እኔ እፈለፍላለሁ እንጂ አላረባም። የማሳደጊያ ቤት የለኝም።»

«እና እትዬ፣ ቁጭ ብለን እንያቸው?»

የጫጩቶቹ ድምፅ በካርቶኖቹ ቀዳዳ ይሰማል፤ ገና ብርቱ ነው። የኋላውን በር ከፈተች። የላይኛውን ካርቶን ደረቷ ላይ አስደግፋ ከኋላቸው ወደ ተሰለፈው የሽንኩርት መኪና ሄደችና መስኮቱን አንኳኳች።

«ወንድሜ፣ ቤትህ ከድንበሩ ወዲህ ነው? ሞቅ ያለ ክፍል ካለህ ይህን ካርቶን ውሰድ፤ እህልና ውሃ ስጣቸው።»