ክላይቭ ዝም ያለ ዕለት

አጎቴ ክላይቭ የከብት አጫራች ነው። በየሳምንቱ የከብት ገበያው መድረክ ላይ ወጥቶ ትንፋሽ ሳይወስድ ጊደሩንም ወይፈኑንም ይሸጣል። አፉ እንጀራው ነው። ችግሩ ጨረታው ሲያልቅ አፉ አለማለቁ ነው። እራት ላይ ያጫርታል፣ መኪና ውስጥ ያጫርታል። ሚስቱ ግሌኒስ እንደምትለው አንድ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ እሷኑ ሊሸጣት ደርሶ ነበር፤ ዋጋው ግን ደህና ነበር ትላለች።

ዘንድሮ ክረምት ሊገባ ሲል ግሌኒስ ጥላው ወጣች። የሄደችው ሩቅ አይደለም። ከማለምቢምቢ ከተማ በላይ ባለው ሸለቆ፣ ከመንደራችን አዳራሽ ጀርባ፣ መምህር ቀርከሃ ያቆማት አሮጌ ተጎታች ቤት አለች፤ እሷ ውስጥ ገባች።

የመምህር ቀርከሃ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ኩዌንቲን ነው። አደሌድ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ይሸጥ ነበር። ትዳሩ ሲፈርስ ቻይና ሄዶ አንድ ተራራ ላይ ጥቂት ወራት ቆየና በነጭ ሱሪና በአዲስ ስም ተመለሰ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ከወዲሁ ልናገር። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ወንበር ላይ ተጣብቄ ያጎበጥኩትን ወገቤን ያቃናልኝ እሱ ነው። ስለዚህ በየእሑዱ አዳራሹ ውስጥ ለሚሰጠው ልምምድ እሄዳለሁ፤ ስለሌላው ትምህርቱ ግን አልምልም።

ልምምዱ ቀላል ነው። ጫማህን ታወልቃለህ፣ ጉልበትህን ትንሽ ሰበር ታደርጋለህ፣ በርሜል እንዳቀፈ ሰው እጆችህን ከደረትህ ፊት ትዘረጋለህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ትቆማለህ። በቃ። “ዛፍ ሁኑ” ይላል መምህሩ። ዛፍ ከሆንክ ቺ የሚሉት የሕይወት ጉልበት ከመሬት ተነስቶ በውስጥ እግርህ ይገባል።

“ሲመጣ ታውቁታላችሁ” ይለን ነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “መጀመሪያ ይነዝራል። ቀጥሎ ያቃጥላል። እሳቱ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰውነት በራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ያን ጊዜ አትከልክሉት። ጎረቤታችሁ ሲንቀጠቀጥ ብትሰሙም አትንኩት፣ አትጥሩት። የመጣለትን አትቀሙት።”

ይህን ሕግ የምናከብረው እንደ ታቦት ነበር። ያለቀሰ ነበር፣ ያገሳ ነበር፣ አንድ ጡረታ የወጣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ እንደ ፍየል የጮኸበት እሑድም ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየም። ለሁሉም የሆነ ነገር መጥቶለታል፤ ለግሌኒስ ብቻ ምንም። አሥራ አንድ ዓመት ቆማ ከጉልበት ሕመም በቀር ያገኘችው የለም። ቅር አይላትም ነበር ብል ውሸት ይሆናል።

ክላይቭ ሊለምናት ወደ ተጎታች ቤቷ ሲሄድ እኔን አስከትሎ፣ ከከተማው ዳቦ ቤት ትኩስ የሥጋ ፓይ ይዞ ነበር። ግሌኒስ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችን።

“ለምን እንደወጣሁ ታውቃለህ?” አለችው።

“አውቃለሁ፣ አንቺ እኮ...”

“አየህ?”

“ምኑን ነው የማየው?”

“ጠይቄህ ሳልጨርስ መለስክ።”

“ሰው ሲጠየቅ ካልመለሰ ምን ይባላል? ባለፈው ሳምንት አንድ ከሊስሞር የመጣ ገበሬ፣ ሁለት በሬ ይዞ...”

“ክላይቭ!”

“... አንደኛው አንካሳ ነው፣ እኔ ደግሞ...”

ግሌኒስ ወደ እኔ ዞረች። “ኦዌን፣ የኔ ልጅ፣ ይኼን ሰውዬ አየኸው? ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር አንዲት ወሬ ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። እናቴ የሞተች ሌሊት እንኳ ምን እንዳለችኝ ልነግረው ስጀምር ስለ ሬሳ ሳጥን እንጨት ዋጋ አወራኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።”

“ጥድ እኮ ነው የሸጡልሽ፣ በዝግባ ዋጋ!” አለ ክላይቭ።

ጣቷን አነሳች። “ስማ። እሑድ ና። ከእኛ ጋር ቁም። ከመክፈቻው ደወል እስከ መዝጊያው ደወል ድረስ አንዲት ቃል ከአፍህ ካልወጣች ዕቃዬን ጭኜ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።”

“ከወጣችስ?”

“ቤቱን ሸጠን እንካፈላለን። አንተው አጫርተው።”

ወደ መኪናው ስንመለስ ክላይቭ ለጥቂት ጊዜ ቃል አልተነፈሰም። ያኔ ነው ነገሩ ከልብ እንደሆነ የገባኝ።

ሳምንቱን በረንዳው ላይ አለማመድኩት። እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱ ቀልቶ ይቆማል። ኩካቡራ የምትባል ጩኸቷ ሳቅ የሚመስል ወፍ ዛፉ ላይ ሆና ትስቃለች።

“ይቺ ወፍ ምን ያስቃታል?” ይላል።

“ተናገርክ።”

“እኔ? እኔ ዝም ብያለሁ እኮ!”

“አሁንም ተናገርክ፣ አጎቴ።”

“አንተ ነህ የምታናግረኝ! ለሷ ወግነሃል፣ አይደል?”

ዐርብ ማታ አፌን በማሸጊያ ፕላስተር ልለጥፈው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንደማይፈቀድ ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ። “ብሸነፍ ቤቱ ምን ይሠራልኛል?” አለ። “ለማን ነው የማወራው?” ስለ ክላይቭ ሰው የፈለገውን ይበል፣ ያን ቀን አሳዘነኝ።

እሑድ አዳራሹ ለሠርግ ተከራይቶ ስለነበር ከመንደሩ ዳር ባለው የከብት መስክ፣ ከኩሬው አጠገብ ተሰበሰብን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መሬቱ ጨቅይቷል። መምህር ቀርከሃ ከሰው ከፍ ማለት ይወዳልና ከፊታችን ያለች አንዲት የአፈር ጉብታ መርጦ ቆመ። ነጭ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ በክር የታሰረ ነው። እኛ ከጉብታዋ በታች በባዶ እግራችን ተደረደርን። ክላይቭ ብቻ የላስቲክ ቦቲውን አላወልቅም አለ። ይህን ያለው ደወል ከመደወሉ በፊት ነው፤ እንዲያውም በሰፊው ነው ያለው።

“ወንድሜ፣ ቺ በላስቲክ አያልፍም” አለችው ሳፍሮን። ሳፍሮን የመምህሩ ረዳት ናት፤ የናሱን ደወል የምትይዘውም እሷ ናት።

“እንግዲያው ውጭ ይጠብቀኝ። እኔ የመጣሁት ለሚስቴ ነው። ይቺ ቦቲ እኮ ከታምወርዝ ነው የመጣችው፣ የገዛኋት ጊዜ...”

ሳፍሮን ደወሏን መታች። ክላይቭ አፉን ገጠመ።

የመጀመሪያው ክፍል በሰላም አለፈ። እኔ በአንድ ዓይኔ ክላይቭን እጠብቅ ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጉሮሮው ይወጣል ይወርዳል፣ ቃል ግን የለም። ግሌኒስ ከአጠገቡ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷ እንደ ወትሮው ምንም ያልመጣለት ሰው ፊት ሆኖ ቆማለች። ደህና ነው ብዬ እኔም ጨፈንኩ።

ከዚያ መምህር ቀርከሃ “መጣ...” ሲል ሰማሁ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። “ኦ... መጣ... እየወጣ ነው...”

ከኋላዬ አንዱ ቃተተ። ሌላዋ እግሯን መደብደብ ጀመረች። ቀጥሎ ለእኔም መጣ። መጀመሪያ ውስጥ እግሬን ነዘረኝ። ከዚያ አቃጠለኝ። እሳቱ ከቁርጭምጭሚቴ ወደ ባቴ ወጣ፤ ልክ እንደተነገረን፣ በተነገረን ቅደም ተከተል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አመንኩ።

“ክላይቭ!” አለች ግሌኒስ፣ ዓይኗ እንደተጨፈነ፣ እንባዋ እየወረደ። እሷን እንዳትናገር ማንም አልከለከላትም። “ክላይቭ፣ መጣልኝ! በስተመጨረሻ መጣልኝ!” እግሮቿ መሬቱን ይደልቃሉ፣ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

አጎቴ ምን ይላል ብዬ ዓይኔን ገለጥኩ። ክላይቭ ምንም አይልም። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ የሚስቱን እግር ያያል። እኔም አየሁ።

ጉንዳን ነው። ዝናቡ ቤታቸውን አጥለቅልቆት ሠራዊታቸው ከነዕንቁላሉ ወደ ከፍታ እየሸሸ ነበር፤ ቤታቸው ደግሞ መምህሩ የቆመባት ጉብታ ናት። ከፍታ ሲፈልጉ እኛን አገኙ። መምህሩ ስንት ዘመን ሙሉ ዛፍ ሁኑ ሲል ከልባቸው ያመኑት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ልጮህ አፌን ስከፍት ክላይቭ ቀድሞኝ ተንቀሳቅሷል። እጁን አፉ ላይ ጭኖ አንዴ ወደ ሳፍሮን ደወል አየ። ሳፍሮን ጭንቅላቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ እየጨፈረች ነው፤ የመደወል ሐሳብ የላትም። አንዴ ደግሞ ግሌኒስን አየ። ከዚያ እንደ ጥጃ ከጉልበቷ ሥር ታቅፎ ብድግ አደረጋት።

“ተነሳሁ!” አለች ግሌኒስ በታላቅ ድምፅ። “ከመሬት ተነሳሁ!”

ወደ ኩሬው ሮጠና ወረወራት።

የውሃውን ድምፅ የሰማ ሁሉ ዓይኑን ገለጠ። ግማሹ እግሩን አየ፣ ግማሹ አላየም፤ ያላየው ይህ የትምህርቱ ቀጣይ ክፍል መስሎት ተከትሎ ዘለለ። መምህር ቀርከሃ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። የታሰረው ሱሪው ጉንዳኖቹን አስገብቶ መውጫ ነስቷቸው ነበርና እየሮጠ ክሩን ይፈታ ነበር፤ ውሃው ውስጥ ሲገባ ሱሪው አብሮት አልገባም። በክረምት ጠዋት የከብት ኩሬ፣ ጭቃና ፋንድያ ውስጥ፣ የቺ ተከታዮች ሁሉ እስከ አንገታችን ገባን። ላሞቹ አጥሩን ተደግፈው ያዩናል።

ክላይቭ ዳሩ ላይ ቆሟል። ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኗል። ጉንጩ ተነፍቷል።

በስተመጨረሻ ሳፍሮን እየጮኸች መጣችና ከነደወሏ ዘለለች። ደወሉ ከእጇ አምልጦ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ቅጭል አለ።

“ጉንዳን ነው!” ብሎ ፈነዳ ክላይቭ። “ጉንዳን ነው፣ ጉንዳን! አንቺ ሴትዮ፣ ጉንዳን ነው የበላሽ፣ እስከ ጉልበትሽ ወጥቶ ነበር! ይኼ ቀርከሃ ቤታቸው ላይ ቆሞ፣ እናንተ ደግሞ ‘መጣ መጣ’! ምኑ ነው የመጣው? የመጣውማ የሚነክስ ነው! ሁለት መቶ ሺህ ጉንዳን፣ ማን ጨመረ...”

“መቼ አየሃቸው?” አለች ግሌኒስ። ፀጉሯ ላይ የኩሬ አረም ተንጠልጥሏል።

“ምኑን?”

“ጉንዳኖቹን። መቼ ነው ያየሃቸው?”

“እግርሽ ላይ መውጣት ሲጀምሩ።”

“እና ዝም አልክ?”

“ደወል አልተደወለማ!”

ግሌኒስ አረሙን ከፀጉሯ ላይ መንጭቃ ጣለች። “ሠላሳ ዓመት ሙሉ” አለች፣ “መናገር የነበረብህ ቀን አንድ ቀን ብቻ ነበር።”

እኔ ልስቅ ነበር። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። እግሯን ከውሃው አውጥታ ያበጠውን አየች። “ስለዚህ አልመጣልኝም” አለች ቀስ ብላ። “አሥራ አንድ ዓመት። ጉንዳን ነው።” ጭቃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ክላይቭ አፉን ከፈተ። ለዚህ የሚሆን መቶ ነገር እንደነበረው አውቃለሁ፤ ሲደረደር ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ከዚያ አፉን መልሶ ገጠመው። ደወሉ ተደውሏል፣ ውሉ አልቋል፣ ያገደው አንድም ነገር አልነበረም። በታምወርዝ ቦቲው ውሃው ውስጥ ገብቶ ከጎኗ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

መምህር ቀርከሃ ሱሪውን ሲያጥብ እኔ ቆሜ ፎጣ ያዝኩለት። “ታውቃለህ ኦዌን” አለኝ ወደ ውሃው እያየ፣ “እኔም አምኜ ነበር። እኔም እኮ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው።” ፎጣውን ሰጠሁት። በሚቀጥለው እሑድ ግን ልምምዱ ላይ “የእሳትና የውሃ ሥርዓት” የሚል አዲስ ክፍል ጨመረ፤ ገንዳ የሸጠ ሰው ውሃ ለምን እንደሚጠቅም ያውቃል። ሰውም ወደደው።

ያን ቀን ከሰዓት የግሌኒስን ዕቃ ፒክአፑ ላይ ጫንን። እመለሳለሁ ያለችው ስለተሸነፈች ነው ወይስ ስለፈለገች፣ አልጠየቅኋትም። ሦስታችን ፊት ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀመጥን፤ ክላይቭ ይነዳል፣ እሷ መሐል ናት። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ “እናቴ ያን ሌሊት” ብላ ጀመረች።

እናቷ ምን እንዳለቻት የእኔ አይደለምና አልጽፈውም። ረጅም ነበር። መሐል ላይ ቆም ትላለች፣ ታስባለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ከዚህ በፊት ቢሆን በእያንዳንዷ ክፍተት አንድ ጊደር ይሸጥባት ነበር። ክላይቭ መንገዱን እያየ ይነዳል።

ታሪኩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ክላይቭ ከመቀመጫው ዘለለ። መሪው ተወላገደ፣ መኪናው ቦዩን ሊስም ደርሶ ተመለሰ። ግራ ጭኑን ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ላብ ግንባሩ ላይ እየወረደ፣ ቃል ሳይተነፍስ መንዳቱን ቀጠለ።

“ምን ሆንክ?” አለች ግሌኒስ።

ራሱን ነቀነቀ። በእጁ፣ ቀጥይ፣ ጨርሺ አላት።

“ምን ሆንክ እኮ ነው የምልህ! ሰውዬ፣ ልትገድለን ነው? ተናገር እንጂ!”

“ጉንዳን” አለ ክላይቭ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልጨመረም። ግሌኒስ ስቃ ስታበቃ እንባዋን ጠርጋ “የት ደርሼ ነበር?” አለች።

የት እንደደረሰች የነገራት እሱ ነው።